ለፍሬን የሚሆን ዘይት

ነቀምቴ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአበጋዝ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካለህበት ከሻርጃ ድረስ ይድረስህ። የአገሩ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኔም፣ ልጄ ሲናም፣ ጎረቤቶቻችንም አንተ ከላክህልን ትራክተር ጩኸት በስተቀር ደህና ነን። ጾሙንም በሰላም ይዘነዋል።

ሰላምታው እዚህ ላይ አበቃ። አሁን ልናደድ።

ባለፈው በስልክ ተሰዳድበን ስናበቃ የነፍስ አባታችን ቄስ ሕሩይ ሰምተው ያሉትን ሲና ጽፋልሃለች። አንድ ወረቀት ሙሉ ሳትሰዳደቡ መጻፍ እስክትችሉ ድረስ በስልክ እንዳትነጋገሩ ገዝቻችኋለሁ ብለዋል። በዐቢይ ጾም፣ ያውም የአንድ ቅድመ አያት ልጆች፣ እንደ ገበያ ደላላ ትጯጯሃላችሁ ብለው ነው። ግዝት ግዝት ነው፤ እኔ አላፈርሰውም። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ ሲና ደግሞ ኔትወርኩ ሲፈቅድ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። አንተም እንዲሁ አድርግ። ድምፅህን ቀድተህ ብትልክ አልከፍተውም።

ነገሩ ይህ ነው። ትራክተርህ ማረሻውን ሊያነሣ ሲል እንደሚታረድ ፍየል ይጮኻል። ጠዋት ጠዋት ይብስበታል፤ ሲሞቅ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ አይተወውም። ማረሻው እየተንቀጠቀጠ ይነሣል፣ አንዳንዴም ግማሽ ላይ ይቀራል። የሚነዳልን ጋሩማ፣ ነቀምቴ ውስጥ ባጃጅ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፣ "ሃይድሮሊኩ ነው" አለኝ። ምንድነው እሱ ብለው፣ በዘይት ግፊት ማረሻውን የሚያነሣው ክንድ ነው አለ። ታዲያ ዘይቱ ምን ሆኖ ይጮኻል ብለው እሱንስ እንጃ አለኝ።

አንተ ግን የምትውለው አሮጌ ማሽን በሚሸጥበት ግቢ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ።

ለምን እንደምቸኩል ረስተህ እንደሆነ ላስታውስህ። ከኪራሙ ተፈናቅለን ስንወጣ በሬዎቻችን እዚያው ቀሩ። እዚህ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ኦቦ ሞረዳ የሚባሉ ሰው መሬታቸውን በእኩል እንዳርስ ሰጡኝ። ሲሰጡኝ "አዴ የሺ፣ ላፍቲ ነመ ህን ኤግዱ" አሉኝ፤ መሬት ሰው አይጠብቅም ማለታቸው ነው። እስከ ግንቦት ልደታ በዓላችሁ ከታረሰ ያንቺ ነው፣ ካልታረሰ በሬ ላለው እሰጠዋለሁ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቃላቸውን ግን አያጥፉም። ዘንድሮ በቆሎ ካልዘራሁ ሲናን ይዤ ወደ ተፈናቃዮች መጠለያ ነው የምመለሰው። ያንን ቦታ አታውቀውምና አልነግርህም።

እንግዲህ ይህ ጩኸት ምን እንደሆነና ምን ዘይት እንደሚጠጣ ጻፍልኝ። ከማሽኑ ጋር የመጣው መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ በጃፓንኛ ነው፤ እኛ ሥዕሉን ብቻ እያገላበጥን ነው።

እህትህ የሺአረግ


ሻርጃ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺአረግ፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። ሲናን ሳሚልኝ፤ ለቄስ ሕሩይም መስቀላቸውን ከሩቅ ተሳልሟል በያቸው። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱን የጠየቅሽኝ ከልብሽ ከሆነ፣ ማሽን ላይ እጄን ባሳርፍ ቆዳዬ እዚያው ይቀራል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "እግዜር ይስጥልኝ" የሚል ቃል ፈልጌ ነበር። የለም። ያንን ትራክተር ለማግኘት ምን እንዳየሁ ሳትጠይቂ፣ ጂቡቲ ወደብ ላይ ስንት ሰው እንደለመንኩ ሳትጠይቂ፣ "ትራክተርህ ይጮኻል" ብለሽ ጀመርሽ። ወጪት ሰባሪ ይሉሻል እንዲህ ያለውን። በስልክም ይኸው ነበር፤ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ።

አሁን ስሚኝ። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚጮኸው የሚስበው ዘይት ሲያጣ ወይም ከዘይቱ ጋር አየር ሲስብ ነው። መጀመሪያ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጡና ጎድሎ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ከዘይቱ ጥቂት በንጹሕ ጠርሙስ ቅዱና አሳድሩት። ማታ አረፋ የነበረው ጠዋት ከጠራ አየር ነው። እንደ ወተት ነጥቶ ከቀረ ግን ውሃ ገብቶበታል፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው። አየር ከሆነ ከዘይቱ ቋት ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ጎማ ተከተሉ። ጎማውን የሚያጠብቀው የብረት ቀለበት ላልቶ ይሆናል። እዚያ ቦታ ላይ አየር ይገባል እንጂ ዘይት አይፈስም፤ ደረቅ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ማጣሪያውንም አውጥታችሁ እዩት።

ስለ ዘይቱ። በዚህ ትራክተር ካምቢዮውም፣ ሃይድሮሊኩም፣ ፍሬኑም የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው፤ የፍሬኑ ሸራ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ያገኛችሁትን የሞተር ዘይት እንዳትገለብጡበት። ለፍሬን የሚሆን ዘይት ግዙ።

ለጋሩማም ንገሪው፤ ትራክተር ባጃጅ አይደለም፣ በእርግጫ አይነሣም። መሬቱን በጊዜው ካላረሳችሁ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

አክባሪሽ፣ አክብሮት ከተረፈኝ፣ አበጋዝ


ነቀምቴ፣ ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አበጋዝ፣

ሰሞነ ሕማማት ነው። በሕማማት ሰላምታ አይሰጥምና የሰላምታውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ደስ እያለኝ ነው የተውኩት። ስግደት ውዬ ጉልበቴ ዝሏል፣ ቁጣዬ ግን አልዛለም።

ያልከውን ሁሉ ቃል በቃል አደረግን። ዘይቱን በሲና የውሃ ጠርሙስ ቀድተን መስኮት ላይ አሳደርነው። ማታ እንደ ጠላ አረፋ ነበር፤ ጠዋት ጠርቶ አገኘነው። "አየር ነው!" አለ ጋሩማ፣ ራሱ የደረሰበት ይመስል። ከሥር ገብቶ ጎማውን ሲነካካው ቀለበቱ በጣት የሚዞር ሆኖ ተገኘ። አጠበቀው። ማጣሪያውን ፈትቶ ሲያሳየኝ በጥቁር ዝቃጭና በአረንጓዴ የቀለም ቅርፊት ተደፍኖ ነበር። እኔ ደግሞ ያንን ቀለም ከውጭ ብቻ የቀባችሁት መስሎኝ! እሱንም አጠበው። ዘይቱ ግን ጎድሎ ነበር።

ለፍሬን የሚሆን ዘይት ግዙ ስላልክ ከጋሩማ ጋር ወደ ጂሩ ሱቅ ሄድን። ነቀምቴ ውስጥ በመኪና ዕቃ ከሱ የሚበልጥ የለም ይላሉ። ፍሬን ዘይት አልኩት። ትንሿን ጠርሙስ አንድ አወጣልኝ። ጨምር አልኩት። አሁንም ጨምር አልኩት። መደርደሪያው ሲራቆት "አዴ፣ ስንት መኪና ልታቆሚ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ደብዳቤህን አውጥቼ አነበብኩለት። "እንግዲህ ላኪው ካለ ምን ይደረጋል" አለና ቋጠረልኝ።

ጨመርነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ጸጥ አለ። ሁለት ቀን ምንም ሳይጮኽ አረሰ። ኦቦ ሞረዳ መጥተው ከዳር ቆመው አዩትና "ጋሪ ዳ" አሉ፤ ጥሩ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ልመርቅህ ቃጥቶኝ ነበር።

እንኳን አልመረቅሁህ። በሦስተኛው ቀን ክንዱ ማረሻውን አንሥቶ መያዝ አቃተው፤ እያየነው ቀስ እያለ ይወርዳል። ዘይቱ ከክንዱ ሥር፣ ከፓምፑ አፍ፣ ከየመገጣጠሚያው ማላብ ጀመረ። ጩኸቱም ተመልሶ መጣ፤ የአሁኑ ደግሞ መፋጨት ጨምሮበታል። የታረሰው የመሬቱ ሩብ አይሆንም። ኦቦ ሞረዳ ትናንት ሲያልፉ ቆመው ያልታረሰውን በዐይናቸው ለክተው ሄዱ። ያ አስተያየታቸው ነው ያስፈራኝ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ ትራክተር አለኝ ማለት ይኸው ሆኗል። ገንዘብ አትላክልኝ። ቃል ላክልኝ፣ ዛሬውኑ።

የሺአረግ


ሻርጃ፣ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ የሺአረግ!

ፍሬን ዘይት?

ፍሬን ዘይት ጨመራችሁ? ኧረ በሕግ አምላክ! ሞተሩን እንዳታስነሡት። ቁልፉን ከጋሩማ ተቀበዪና መቀነትሽ ላይ ቋጥሪው።

ፍሬን ዘይት በስሙ ነው እንጂ ዘይት አይደለም። ከዘይት ጋር አይዋሃድም። የፍሬን ጎማ ይችለዋል፤ የሃይድሮሊኩ ጎማ ግን ከሱ ጋር ሲገናኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ መድፈን ያቅተዋል። በየመገጣጠሚያው የሚያልበው ለዚህ ነው። ሁለት ቀን ጸጥ ያለው ጎዶሎው ስለሞላ እንጂ ስለተፈወሰ አይደለም።

እኔ ፍሬን ዘይት አላልኩም! የጻፍኩትን አውቃለሁ። ማን ነው ፍሬን ዘይት ያለሽ? ጂሩ ነው? ጋሩማ ነው? ትንሿን ጠርሙስ መደርደሪያ ሙሉ ሲገዙ "ቆይ እስቲ" የሚል አንድ ሰው ነቀምቴ ውስጥ ጠፋ?

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እናንተ አፈሰሳችሁ፣ የሚለቅም ግን የለም። አሁን ያለውን ሁሉ እስከ ጠብታው አውጡት። በትክክለኛው ዘይት አለቅልቃችሁ ያንንም ድፉት። መገጣጠሚያዎቹን የሚደፍኑት የጎማ ቀለበቶች አንድ ሳይቀር መለወጥ አለባቸው፤ ማጣሪያውም ጭምር። ዘይቱ ለትራክተር ተብሎ የተሠራው ነው፤ ካምቢዮውንም፣ ሃይድሮሊኩንም፣ ዘይት ውስጥ የተነከረውንም ፍሬን ባንድ ላይ የሚችለው። ጣሳው ላይ ተጽፏል። ወፍራሙን ተዉ። እዚህ ግቢው ለዚህ ሙቀት ብሎ የሚሞላው ወፍራሙን ነው፤ ነቀምቴ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ወፍራም ዘይት ቶሎ አይሄድም፣ ፓምፑ ይራባል። ጠዋት ጠዋት ይብስበት የነበረው በዚህ ነው።

ግዝቱንም ጥሼ ልደውል ነበር። መስመሩ አይገባም። ጋሩማም ጋ አይገባም። ይህን እንዳየሽ መልሺልኝ።

አበጋዝ


ነቀምቴ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አበጋዝ፣

ክርስቶስ ተነሥቷልና ሰላምታ ተፈቅዷል። እንኳን አደረሰህ። በቃህ።

ኔትወርኩ ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ ጠፍቶ የተመለሰው ትናንት ነው። ያንተ "እንዳታስነሡት" እስኪደርሰን እኛ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ስናስነሣው ሰንብተናል። ጋሩማ ቢሠራ ይለምዳል ብሎ ነበር።

አላልኩም ነው የምትለው? ይኸው፣ ከራስህ ወረቀት ልገልብጥልህ፦ "ለፍሬን የሚሆን ዘይት ግዙ።" እጅህ ነው፣ ፊደልህ ነው፣ "ግዙ" ላይ ብዕርህ ወረቀቱን ቀዶታል፤ ተናደህ ነበርና። በዚህ አገር ለሻይ የሚሆን ቅጠል ስሙ ሻይ ቅጠል ነው። ለፊት የሚሆን ቅባት የፊት ቅባት ነው። ለፍሬን የሚሆን ዘይት ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል? የኑግ ዘይት? እኔ ፍሬን ዘይት ሰማሁ፣ ጋሩማ ፍሬን ዘይት ሰማ፣ ጂሩ ፍሬን ዘይት ሰማ። ጋሩማ ለኦቦ ሞረዳ በኦሮምኛ ሲተረጉምላቸውም ያው ፍሬን ዘይት ሆኖ ወጣ። በሁለት ቋንቋ የተሳሳትነው እኛ ነን፣ አንተ ብቻ ትክክል ነህ!

አንድ ቃል ጨምረህ "ፍሬን ዘይት እንዳይመስላችሁ" ብትል ምን ነበር? ለእኔ ስድብ ሲሆን ወረቀት አልጠበበህም። ስለ ወጪት ሰባሪ ለመጻፍ ቦታ ነበረህ።

ሌላም አለኝ። ቀለማችሁ ማጣሪያው ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? ወፍራሙ ዘይት ነቀምቴን እንደማይችል ካወቅህ፣ ማሽኑ መርከብ ሳይሳፈር ለምን አልነገርከኝም? እዚያ ግቢ ሳለ ሲጮኽ አልሰማኸውም? ይህን በስልክም ጠይቄሃለሁ፤ ያን ጊዜም ስለ ጂቡቲ ወደብ ነው ያወራህልኝ።

የጎማ ቀለበቶቹ ነቀምቴ የሉም። አዲስ አበባ ያስጠየቅናቸውም የጃፓን አሮጌ ትራክተር ጎማ አንይዝም አሉ። አንተ ዘንድ ግን በየመደርደሪያው አለ። ላክ። ልደታ እየመጣ ነው፣ ሰማዩም ከወዲሁ እየጠቆረ ነው። ሲና ማታ ማታ "መጠለያው ውስጥ እንደገና እንገባለን ወይ?" እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?

የሺአረግ


ሻርጃ፣ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ የሺአረግ፣

ሰላም ላንቺና ለሲና።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። መካኒክ ነኝም ብዬሽ አላውቅም፤ መካኒክ ነው እያልሽ በየደጁ ያወራሽው አንቺ ነሽ። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። አሮጌውን ማሽን አሸት አድርጌ አረንጓዴ እቀባለሁ፣ ይኸው ነው ሥራዬ። ያንቺንም የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ዘመዴ ጋ ነው የሚሄደው ብዬ ሁለት ጊዜ ደረብኩበት። ስለ ጩኸቱና ስለ ዘይቱ የጻፍኩልሽን ሁሉ የነገረኝ የግቢያችን ፓኪስታናዊ መካኒክ ነው፤ እሱ በቋንቋውና በእጁ፣ እኔ በሰባራ ዐረብኛ። "ለፍሬን ይሁን፣ ለፍሬን ይሁን" ብሎ ዘይት ጣሳ ሲያሳየኝ እኔም እንዳለው ጻፍኩ። ጣሳው ላይ ትራክተር ተስሎበት ነበር። አንቺ ጣሳውን እንደማታይው አላሰብኩም። ያን ያህል ነው።

ከዚህ በላይ አታዋርጂኝ። ስለ ቀረው አትጠይቂኝ።

የጎማ ቀለበቶቹን ሙሉውን፣ ማጣሪያውንም ጭምር፣ በፖስታ አድርጌ ለኢቢሳ ሰጥቼዋለሁ። የዲጋ ልጅ ነው፣ አብሮኝ ይኖራል፣ ቅዳሜ ይበርራል። ወደ ዲጋ ሲሄድ ነቀምቴን ሳይረግጥ አያልፍምና ልደታ ሳይደርስ እጅሽ ይገባል። ዘይቱን ከአሁኑ ከአዲስ አበባ አስመጡ። ቀጭኑን። ጣሳው ላይ ትራክተር ያለበትን። ፍሬን ዘይት የሚል ካያችሁ ሽሹ።

አበጋዝ


ነቀምቴ፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አበጋዝ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። የኢቢሳ እናት ደህና ናቸው። ልጃቸው ከስንት ዘመን በኋላ መጣላቸው ተብሎ ዲጋ ላይ ሰንጋ ተጥሏል። ይህን የምጽፍልህ ወንድሞቹ መኪና ይዘው ነቀምቴ መናኸሪያ ጠብቀው፣ ከአውቶቡሱ አፈፍ አድርገው ስለወሰዱት ነው። ያንተ ፖስታ ከሻንጣው ሥር ነበር። ትዝ ያለው ልደታ ካለፈ በኋላ ነው። ራሱ ይዞት መጥቶ እግሬ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። አልተቆጣሁትም፤ ለሱ የሚሆን ቁጣ አልተረፈኝም።

ኦቦ ሞረዳ በልደታ ማግስት መጥተዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጃፌ ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው አልገባም አሉ። መሬቱን ለደረሳ ሰጥቻለሁ አሉኝ። ደረሳ ሁለት ጥማድ በሬ ያለው ጎረቤታቸው ነው። ትንሽ ቀን ጨምሩልኝ ብዬ ለመንኩ። "ዝናቡ ገባ እኮ፣ አዴ" አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ዐይኔን ማየት ግን አልቻሉም። እሳቸውን አልረግምም። እሳቸው የሚያደርጉትን በመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል።

ጎማዎቹ ልክ ሆኑ። ዘይቱም ከአዲስ አበባ በአይሱዙ መጣ፤ ቀጭኑ፣ ትራክተር የተሳለበት። አለቀለቅን፣ ደፋን፣ ሞላን። ጋሩማ ሲያስነሣው ማረሻው ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። የሞተሩ ካልሆነ በቀር ምንም ድምፅ የለውም። ጋሩማ እየሳቀ ዞሮ አየኝና ሳቁን ዋጠው።

ትናንት ደረሳ መጣ። አንዱ በሬው አንክሷል፣ ዝናቡ ደግሞ ፋታ አልሰጥ ብሏል፤ ትራክተሩን አከራዪኝ አለ። ሂድ ከደጄ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሲና አየችኝ። እሺ አልኩት፤ መብላት አለብን።

አበጋዝ፣ በጣም ነው የተናደድኩብህ። ብትሳሳት አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። አላውቅም፣ ቀለም ቀቢ ነኝ ለማለት እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ያስጠበቅኸኝ ነው የሚያቃጥለኝ። በመጋቢት ብትለኝ ሌላ የሚያውቅ ሰው እፈልግ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከትራክተሩ ጋር አብሬ ሄድኩ። ጋሩማ ነዳ። ያቺ እኛ ጀምረናት የነበረችው ሩብ አረም በቅሎባታል። ማረሻው ያለ ምንም ጩኸት እየገለበጣት ሲሄድ እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ሥሩንና ድንጋዩን መልቀም ጀመርኩ። አስቤ አይደለም፣ እጄ ነው የሄደው። መሬቱ መካከል ስደርስ ደረሳ ከዳር ሆኖ ተጣራ። "አዴ የሺ፣ አንቺ አትልፊ፤ ተይው፣ የኛ ልጆች ይለቅሙታል!" አለኝ። በደግነት ነው ያለኝ።

አንድ ድንጋይ በእጄ ነበር። እዚያው መካከል ላይ ይዤው ቆምኩ፤ የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም።

የሺአረግ